የላክሽሚ ጠጉርና የኩሽናችን ሰዓት

ለተከበርሽው ባለቤቴ ለወይዘሮ ዘይነባ፣ ባለሽበት ይድረስ።

እኔ ባልሽ፣ በሙሉ አእምሮዬና በገዛ ፈቃዴ፣ የሚከተለውን ታላቅ ዜና ስገልጽልሽ ከፍ ያለ ኩራት ይሰማኛል። የኩሽናችን የግድግዳ ሰዓት ተስተካክሏል። አሜሪካኖቹ መጋቢት ላይ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ካሻገሩ ጀምሮ ወደኋላ ቀርቶ ቤተሰቡን ሲያሳስት የከረመውን ይህንኑ ሰዓት፣ ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ማንም ሳይደግፈኝ ወንበር ላይ ወጥቼ፣ በራሴ እጅ ወደ ትክክለኛው ቦታ መልሼዋለሁ። በሥነ ሥርዓቱ ላይ አንድ ሽኮኮ በመስኮት በኩል ተገኝቷል። ጭብጨባ አልነበረም።

ዘይኑዬ፣ ከተለያየን ዘጠኝ ወር ሞላ። ደብዳቤ ስጽፍልሽ ይህ ሁለተኛዬ መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን የጻፍኩልሽ ሳንጋባ፣ አንቺ ደሴ ሳለሽ ነበር፤ መልስ አልሰጠሽኝም። ስለዚህ አሁንም ባትመልሺ አልቀየምሽም፤ ጠባይሽን አውቀዋለሁ።

ቤቱ ደህና ነው። ልጃችን ሰሚራ ለእኔ ስትል የሆስፒታል ሥራዋን ወደ ቀን አዛውራለች። መድኃኒቴን ዋጥኩ አልዋጥኩ፣ ካልሲዬ አንድ ዓይነት ነው አይደለም ስትል ትውላለች። አንቺ ቁጥጥር ታበዣለሽ ብዬ ያማሁሽን ሁሉ አንስቻለሁ። የልጅ ልጃችን ሂክማ ከባሏ ጋር ሮዝዌል ከተማ ቤት ተከራይታለች። ልጁ ጨዋ ነው፤ ጉድለቱ ቀልዴ ዘግይቶ የሚገባው መሆኑ ብቻ ነው። ምሳ ላይ የነገርኩትን እራት ላይ ይስቅልኛል። ቲማቲምሽን አጠጥቼ አሳደግኩት፤ ሲቀላ ሽኮኮ በላው። ያው ከላይ የጠቀስኩት እንግዳ ነው።

ብዕር ያነሳሁት ግን ስለ ሽኮኮ ልነግርሽ አይደለም፤ ስለ ላክሽሚ ነው።

እዚህ አሜሪካ ስኔልቪል ከተማ ቤት ከገዛን ጀምሮ አንቺና ላክሽሚ በአጥሩ ላይ ቃሪያና ቆስጣ ስትለዋወጡ፣ እኔ "የወሎና የህንድ ንግድ ምክር ቤት" እያልኩ ሳበሽቃችሁ፣ እሷም ምን እንደምል ሳይገባት አብራሽ ስትስቅ ኖራችኋል። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ምክር ቤቱ ተዘጋ። የዘጋሁት እኔ ነኝ። በአጥሩ በኩል "አንክል፣ እንዴት አደሩ?" ስትለኝ እጄን አነሳና ወደ ቤት እገባለሁ። ክፉ ሆኜ አይደለም። እሷን ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ከጎኗ አንቺን ይፈልጋል፤ ያጣሻል፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ነገር ሁሉ ያስጠላኛል።

ሌላም ነገር አለ። ለማንም አልተናገርኩትም፤ ለአንቺ ግን ልንገርሽ፣ አንቺ ለሌላ አታወሪብኝም። ሰሚራ ከክርስቲያኖቹ ፋሲካ በፊት ጀምራ "አባባ፣ ለእማማ ሰደቃ እናውጣ፣ ሰው ሰብስበን ዱዓ እናስደርግ" ትለኛለች። እኔ "ይደርሳል" እላለሁ። አንድ ጊዜ ወገቤን አመመኝ አልኳት። አንድ ጊዜ ዝናብ አለ አልኳት፤ በስልኳ አሳየችኝ፣ ዝናብ አልነበረም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ተቀይሜ ነበር። አምስት ወቅት ሶላቴን አላቋረጥኩም፤ ነገር ግን ሰግጄ ስጨርስ እጄን ለዱዓ አላነሳም። የመውጫ ሰዓት ካርዱን መትቶ ወደ ቤቱ እንደሚሮጥ ሠራተኛ፣ ግዴታዬን ተወጥቼ እነሳለሁ። አንቺ ታመሽ ሳለ ያን ሁሉ ወር እጄን ዘርግቼ ለምኛለሁ። ሃያ ዓመት ስጣት ነበር ያልኩት። ምንም እንዳልተሰጠኝ ቆጠርኩት። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልለምን?

በዚህ መሀል የአሜሪካ በጋ ሊያልቅ ሲል ላክሽሚና ባሏ ራጉ አገራቸው ሄዱ። ለስድስት ሳምንት ያህል ቤታቸው ጭር አለ። መስከረም ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የቆሻሻውን ትራሽ ላወጣ ስወጣ ላክሽሚን አየኋት። የራሷን ትራሽ እየጎተተች ነበር፤ ነፋሱ ሻሿን ገፈፈው። ዘይኑ፣ ራሷ ተላጭቷል! ያ እስከ ወገቧ የሚወርደው ጠጉር፣ አንቺ እየዳሰስሽ "ይሄ ለሦስት ሴት ይበቃል" የምትዪያት፣ የለም። አንቺ በመድኃኒቱ የተነሳ ጠጉርሽ ሲረግፍ፣ ልትጠይቅሽ ስትመጣ እንዳታዪባት ብላ በሻሽ የምትሸፍነው ያው ጠጉር፣ ከነሥሩ ሄዷል።

የእናቴ ወገኖች ክርስቲያኖች እንደሆኑ ታውቂያለሽ። አክስቴ ባሏ የሞተ ጊዜ ተላጭታ ስትመጣ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። ሴት ጠጉሯን ከተላጨች ከቤቷ ሰው ሞቷል፤ ከዚህ ሌላ ትርጉም እኔ አላውቅም። ዞር ብዬ የራጉን መኪና አየሁ። ቅጠል ተከምሮባት ቆማለች። ራጉ ራሱ የትም አይታይም። በቃ፣ ሰውየው አገሩ ሄዶ ሞቷል፣ እሷ ሬሳውን ቀብራ ብቻዋን ተመልሳለች ብዬ ደመደምኩ። ዘጠኝ ወር ፊቴን ያዞርኩባት ሴት እንደ እኔ ሆነች ብዬ አዘንኩ፤ አፈርኩም።

ወዲያው ሰኢድ ጋ ደወልኩ። ጓደኛዬን ሰኢድን መቼም አልረሳሽውም፤ ታክሲ መንዳት ካቆመ ወዲህ ሥራው ለቅሶ መድረስ ብቻ ሆኗል።

"ሐጂ፣ እርግጠኛ ነዎት?" አለኝ።

"ሴትየዋን በዓይኔ ነው ያየኋት። የሞት ሰርተፊኬት ላምጣልህ?" አልኩት።

በማግስቱ እኔ፣ ሰኢድና ከእድራችን ሁለት ሴቶች ሄድን። ትልቅ ድስት ምስር ወጥና ሁለት ካርቶን ውኃ ይዘናል። ላክሽሚ ሥጋ እንደማትበላ አስቤ ምስር እንዲሆን ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ይህቺ ትመዝገብልኝ። ሰኢድ መኪናውን የመኪና መግቢያቸው፣ ድራይቭዌያቸው፣ አፍ ላይ ፓርክ አደረገ። ላክሽሚ በሩን ስትከፍት አራታችን አቀርቅረናል። ጫማችንን አውልቀን ገባን፤ ሶፋው ላይ በተርታ ተቀመጥን፤ ዝም አልን። እሷም ዝም አለች። ኋላ እንደነገረችኝ፣ የእኛ አገር የሆነ በዓል መስሏት ነው፣ ዝም ተብሎ የሚከበር። እንዳታበላሽብን ፈርታ እጇን አጣምራ ከእኛ ጋር መሬት መሬቱን ታያለች። ከሴቶቹ አንደኛዋ ራጉን በሕይወቷ አይታው አታውቅም፤ ግን ለቅሶ ላይ ታማኝ ናት፤ ማንባት ጀመረች። ይህን ስታይ ላክሽሚም ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ በልቤ "አይ መከራ" እላለሁ።

ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ቆየን። ከዚያ ከፎቅ የእግር ኮቴ ተሰማ። ራጉ በቁምጣ፣ በእጁ የሻይ ኩባያ ይዞ፣ ደረጃውን ወረደና "ድራይቭዌዩን የዘጋው ነጭ መኪና የማን ነው?" አለ።

ታማኟ አልቃሽ "ቢስሚላህ!" ብላ ሶፋው ላይ ወጣች። ሰኢድ ግን ሳይደነግጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ሐጂ፣ ሟቹ መኪናችሁን አንሱልኝ እያሉ ነው።"

ወላሂ ዘይኑ፣ አንቺ ብትኖሪ ዓመት ሙሉ አትለቂኝም ነበር። ባለኝ እንግሊዝኛ ነገሩን አስረዳሁ። በእኛ አገር ሴት የምትላጨው ሲሞትባት ነው፣ ስለዚህ ባልሽን ገድዬ ልቀብረው መጣሁ አልኳት። ራጉ ሻዩን ልብሱ ላይ እስኪደፋ ሳቀ፤ ከዚያ የራሱን ለቅሶ ምስር በሳህን አውጥቶ መብላት ጀመረ። ያልታየው አገሩ ሳለ ጉልበቱን ታሞ፣ ከተመለሰ ወዲህ ፎቅ ላይ ስለተኛ ነበር። ላክሽሚም ሳቀች። ስቃ ስቃ ስታበቃ ግን ራሷን በእጇ ዳበሰችና "አንክል፣ ብዙም አልተሳሳቱም። ይሄ ጠጉር በሰው ምክንያት ነው የሄደው። በዘይነባ ምክንያት" አለችኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን አንቺ ከእኔ በፊት ታውቂዋለሽ። ደብቀሽኝ ነበርና አሁን ተራዬ ነው፤ እኔ ልንገርሽ አንቺ ስሚ።

ደቡብ ህንድ ውስጥ ሰባት ተራሮች አሉ አለችኝ። አምላካቸው የሚያርፍበት ታላቅ እባብ አለ፤ ተራሮቹ የእሱ ሰባት ራሶች ናቸው ብለው ያምናሉ። ቤተ መቅደሱ ያለው ሰባተኛው ላይ ነው። መኪና እስከ ላይ ይወጣል፤ ስለት ያለበት ሰው ግን በባዶ እግሩ ነው የሚወጣው፣ ከሦስት ሺህ በላይ ደረጃ። ሴቶች እያጎነበሱ እያንዳንዷን ደረጃ እርድና ቀይ ዱቄት ይቀቧታል። ሰዉ የጌታውን ስም ይጠራል፤ አንዱ ከላይ ሲጠራ ከታች ያሉት ይቀበሉታል፤ የደከመ ሰው በዚያ ድምፅ ይጎተታል። ላይ ሲደርሱ ደግሞ ሰልፍ አለ። ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም ሙሉ ቀን ተሰልፈው፣ ጣዖቱ ፊት የሚቆሙት ለሰከንዶች ነው፤ "ቀጥሉ፣ ቀጥሉ" ይባላሉ።

"ለዚህች ለሰከንድ ነው ያ ሁሉ ሰልፍ? የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ዲኤምቪ ይሻላል" አልኳት። ታውቂኛለሽ፣ አላስችለኝም።

አልተቀየመችም። "አንክል፣ እኛ የምንሄደው ልናይ ብቻ አይደለም፤ ልንታይም ነው። ለመታየት ሰከንድ ይበቃል" አለችኝ። የጣዖቱ ዓይኖች በትልቅ ነጭ ምልክት በከፊል ተሸፍነዋል አለች፤ አስተያየቱን ሰው አይችለውም ተብሎ።

ጠጉሩ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። አምላካቸው አንድ ጊዜ ራሱን ተመትቶ ቆሰለ፤ ቁስሉ ላይ ጠጉር አልበቅል አለ። ይህን ያየች አንዲት ልዕልት ወዲያው ከራሷ ጠጉር ቆርጣ ጉድለቱን ሸፈነችለት። ለሴት ከጠጉሯ የሚበልጥ ጌጥ የለምና፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ወደ ተራራው የሚወጣ ሰው ጠጉሩን ይሰጣል ይላሉ። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ላጮች በተርታ ተቀምጠዋል። ሚሊየነሩም፣ ገበሬውም፣ ሙሽራዋም፣ ሕፃኑም እኩል አንገቱን ይደፋል። "ውበቴን፣ እዩኝ እዩኝ ማለቴን እዚያ ትቼ እወርዳለሁ ማለት ነው" አለችኝ። ከተላጩ በኋላ ታጥበው የተበጠበጠ የሰንደል እንጨት ዱቄት ራሳቸውን ይቀባሉ፤ ይቀዘቅዛል አለች። "ሰማዩ ራሴ ላይ የተቀመጠ መሰለኝ።"

ይህን ስሰማ በራሴ አፈርኩ። እኔም እኮ ሐጅ አድርጌ መካ አጠገብ ሚና ላይ ተላጭቻለሁ! አንቺ የጣት ጫፍ ታህል ብቻ አስቆርጠሽ፣ እኔን ስታዪ "አሁን ሐጂ ሳይሆን ዱባ ሆንክ" ብለሽ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ሳቅሽብኝ። መንገደኛ ተላጭቶ እንደሚመለስ ከእኔ በላይ ማን ሊያውቅ? አክስቴ ናት ያሳሳተችኝ።

ስለትም ቢሆን ለወሎ ሰው አዲስ አይደለም። እናቴ፣ እኔ ልጅ ሆኜ ታምሜ ልሞት ስል፣ ለሼኹ ሙክት ተስላ ነበር። እኔ ተረፍኩ፣ ሙክቱ ታረደ። ሙክቱ ይሻል ነበር የሚሉ ዘመዶች አሁንም አሉ።

ላክሽሚ ግን የተሳለችውን ስትነግረኝ ቀልዱ ከአፌ ጠፋ። አንቺ የመጀመሪያውን መድኃኒት የጀመርሽ ሰሞን፣ አጥሩ ጋ ቆማችሁ፣ "ለአምላኬ ልሳልልሽ፣ ምን ልለምንልሽ?" ብላ ጠየቀችሽ። አንቺም "እኔ በእኔ መንገድ እለምናለሁ፣ አንቺ በአንቺ መንገድ የምታደርጊውን አልከለክልሽም፤ ብቻ ብዙ አትጠይቂ። የሂክማን ሰርግ ልይ፤ እሱ ይበቃኛል" አልሻት። ደግሞም "ለዚያ ለባሌ እንዳትነግሪው፤ ቀልድ ያደርገዋል" አልሻት። ይህን ስትነግረኝ ሰኢድ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ልክ ናት ማለቱ ነው።

"ሰርጉን ካየች ጠጉሬን እሰጣለሁ ብዬ ተሳልኩ" አለች ላክሽሚ። "አየች።"

"ግን በሦስት ወሯ ሞተች እኮ" አልኳት። ድምፄ ከፍ አለ መሰለኝ፤ ራጉ ማንኪያውን አስቀመጠ።

"አዎ፣ አንክል። እኔም በጣም አልቅሻለሁ። ግን የጠየቅነው ተሰጥቶናል። ያልጠየቅኩትን አልሰጠኝም ብዬ ስለቴን ባስቀር ትክክል ይሆናል?"

ዘይኑ፣ አምና ጥቅምት፣ ያቺ ቅዳሜ፣ ኬኔሶ ከተማ፣ የሂክማ ሰርግ አዳራሽ ውስጥ አንቺ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ፣ ሂክማ እጅሽን ይዛ፣ በትከሻሽ ስትጨፍሪ ትዝ አለኝ። አንገትሽ ቀጥኖ ቀሚሱ ሰፍቶሽ ነበር፤ ትከሻሽ ግን የደሴዋ ልጅ ትከሻ ነበር። እኔ ከጎንሽ ቆሜ "እባክሽ ይደክምሻል፣ ተይ" እልሻለሁ። ያ የለመንሽው ነገር መሆኑን አላወቅኩም። እየተሰጠሽ መሆኑን አላወቅኩም። እኔ የለመንኩት ሃያ ዓመት ነበር፤ አንቺ የለመንሽው አንድ ቅዳሜ። አንቺ የለመንሽውን ወስደሽ ሄድሽ፤ እኔ ዘጠኝ ወር አኩርፌ ተቀመጥኩ።

ስንወጣ ላክሽሚ አንድ ካርቶን ሰጠችኝ። ከተራራው ለሁሉም ሰው የሚሰጥ ጣፋጭ አለ፤ ከሽምብራ ዱቄት፣ ከቅቤና ከስኳር የሚሠራ ክብ ነገር፣ ዘቢብና ሄል ያለበት። ለጣዖቱ ከቀረበ በኋላ ለጎረቤት ማካፈል ግዴታ ነው፤ ያላካፈለ ሰው መንገዱን እንደጨረሰ አይቆጠርም። ካርቶኑን ይዤ ቆምኩ። እንዳልበላው ሃይማኖቴ፣ እንዳልመልሰው ደግነቷ ያዘኝ። ፊቴን አይታ ገባት። "ይሄ ከተራራው የመጣው አይደለም" አለች። "ያኛውን ለወገኖቼ አካፍያለሁ። ይሄን ለእናንተ በኩሽናዬ ነው የሠራሁት፤ ለማንም አልቀረበም። ለአምላክ የቀረበ እንደማትበሉ ዘይነባ ነግራኛለች።"

እንግዲህ አንቺ ከሌለሽ በኋላም ነገር ታመቻቺልኛለሽ። ደጃፏ ላይ ቆሜ አንዱን በላሁ። ጣፋጭ ነው። ዘቢብ አሳንሰሽበታል አልኳት፤ ካላልኳት ደህና መሆኔን እንዴት ታውቃለች?

ቤት ስገባ ሰሚራን "ሰደቃው እሁድ ይሁን" አልኳት። ቴርሞሜትር ልታመጣ ነበር።

ባለፈው እሁድ ሰው ሞላ። ሂክማና ባሏ ከሮዝዌል መጡ። ሰኢድ በዚህ ጊዜ ማንንም ሳይዘጋ ፓርክ አደረገ። ላክሽሚ ሻሿን አስራ፣ ራጉ እያነከሰ፣ ሁለቱም ቁርበት ላይ እንደ እኛው ተቀመጡ። ዱዓ ሲደረግ እጄን አነሳሁ። መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር፤ ጉልበቴ ላይ ለምደው የቆዩ እጆች ናቸው። የመጀመሪያውን ዱዓ ለልመና አላዋልኩትም። ስለዚያች ቅዳሜ አመሰገንኩ። ዘግይቻለሁ፤ ግን ቀልድ ዘግይቶ የሚገባው የሂክማ ባል ብቻ አይደለም ለካ።

ላክሽሚ ስትወጣ ራሷን ነካ አድርጋ "መብቀል ጀምሯል" አለችኝ። ምክር ቤቱም ተከፍቷል። ትናንት በአጥሩ ላይ ቃሪያ ሰጠችኝ፤ እኔ የምሰጣት ስላጣሁ ወሬ ሰጠኋት።

እንዳልረሳሽ ቃል እገባልሻለሁ ብል ትስቂብኛለሽ፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ ቤት የሚያምስ ሰው ምን ቃል አለው? ስለዚህ ተራራ የሚያህል ቃል አልገባም። እንዳንቺ ትንሽ ነገር ልያዝ፤ ጠዋት ጠዋት ከሶላት በኋላ እጄን አነሳለሁ፣ መጀመሪያ ስምሽን እጠራለሁ፣ ከዚያ ቁርሴን እበላለሁ።

አሁን ከመፈረሜ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። ሟቹ፣ መኪናው፣ ጠጉሩ፣ ጣፋጩ፣ ሁሉም እውነት ነው። ውሸቱ ሰዓቱ ነው። ማክሰኞ ወንበሩ ላይ መውጣቴ እውነት ነው፤ ሽኮኮውም ምስክሬ ነው። እጄን ዘርግቼ ነካሁት። ከዚያ፣ አምና ሰዓት ሲቀየር፣ እኔ ከታች "ትወድቂያለሽ!" እያልኩ ስጮህ፣ በዚያ በቀጠነ እጅሽ ያዞርሽው አንቺ እንደሆንሽ ትዝ አለኝ። ላክሽሚ እስከ ወገቧ የሚወርድ ጠጉር ሰጠች፤ እኔ አንዲት ሰዓት መስጠት አቃተኝ። እንዳለ ትቼው ወረድኩ።

ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ወደኋላ ሲመልሱ ያንቺ ሰዓት ማንም ሳይነካው ልክ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ቀና ብዬ ባየሁት ቁጥር አንድ ሰዓት እደምርልሻለሁ።

ዱባው ባልሽ